ለኢዚድሮ መጥረቢያ ማን ይሰጠዋል?

በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቤልሚሮ አሥራ ስምንት መጥረቢያ በጋሪ ጭኖ አንጥረኛው ዘንድ ሄደ። የቡሽ ዛፍ የመላጡ ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ነው። ስለቱ ያልተስተካከለ መጥረቢያ ከቅርፊቱ አልፎ የዛፉን ገላ ይቆርጣል፤ እንዲህ የቆሰለ ዛፍ ደግሞ ጠባሳው ዕድሜ ልኩን አይለቀውም። ቤልሚሮ ሠላሳ አራት ዓመት የላጮች አለቃ ሆኖ ሲሠራ አንድም መጥረቢያ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሳይሞክር ተረክቦ አያውቅም።

ደጃፉ ላይ ሲስተር ኦንዲናን አገኛት። በአሌንቴዦ አውራጃ መንደሮች እየዞረች የአእምሮ ሕሙማንን በየቤታቸው የምትጎበኝ ነርስ ናት። የመኪናዋ ጭስ ማውጫ መንገድ ላይ ወድቆባት እስኪበየድላት ትጠብቃለች። ቤልሚሮ ምን እንደምትለው ስላወቀ መመለስ አማረው፤ ግን ተራው እስኪደርስ መቀመጥ ነበረበት።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ቤልሚሮ። ሰኞ ትጀምራላችሁ አሉ።»

«እግዜር ካለ።»

«አንድ ሰው ጎድሏችኋልም አሉ።»

«ሰው ነው የጎደለን። እብድ አልጎደለንም።»

አንጥረኛው ሳቀ። ኦንዲና አልተቆጣችም። «ስሙ ኢዚድሮ ነው» አለች።

«ስሙንማ አውቀዋለሁ፤ ክርስትና ሲነሳ ነበርኩ።»

ኢዚድሮ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ሌላው የማይሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ በዚሁ ሕመም ሁለቴ ሆስፒታል ተኝቷል። በየወሩ መርፌውን እየወሰደ ከርሞ ባለፈው ክረምት ለኦንዲና «ዘንድሮም ቤት ከዋልኩ መርፌውን ይዘሽ አትምጪ» ብሏታል። እንዲህ ብለው መድኃኒታቸውን የተዉ ሁለት ሰዎች ታውቃለች። አንደኛውን ቀብራዋለች።

ይህን ስትነግረው ቤልሚሮ ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ እኔ እኮ አዝኜለት አምና ሞክሬዋለሁ። ቀላሉን ሥራ መርጬ ሰጠሁት። የተላጠ ዛፍ ላይ የዓመተ ምሕረቱን የመጨረሻ ቁጥር መቀባት ምን ጥበብ ይጠይቃል? አርባ ያልተላጡ ዛፎች ላይ ስድስት ቁጥር ጽፎ አገኘሁት! ቁጥር ያለበትን ዛፍ ዘጠኝ ዓመት ማንም አይነካውም። ባለ ርስቱ በቁሜ ሊቀብረኝ ነበር።»

«ስህተቱ የጀመረው በስንተኛው ቀን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እርስዎ የእያንዳንዱን ዛፍ ቀን የሚያውቁ ሰው ነዎት።»

ቤልሚሮ አሰበ። «የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ደህና ነበር። ከአምስተኛው ወዲህ ነው።»

«በአምስተኛው ቀን ምን ተለወጠ?»

«ምንም። ቶሜ አብሮት ይቀባ ነበር፤ ቶሜን ጋሪው ላይ ፈለግሁት። ሥራው የአንድ ሰው ስለሆነ ኢዚድሮን ብቻውን ከጫካው ዳር ተውኩት። እንዳይረብሹት ብዬ እኮ ነው!»

የተናገረውን ራሱ ሰምቶታል።

ቤልሚሮ ክፉ ሰው አልነበረም። ጥፋቱ ከርኅራኄ የመጣ ጥፋት ነበር፤ እንዲህ ያለውን ጥፋት ደግሞ የሚያርመው የለም፣ ሰው ሲመሰገንበት ይኖራልና።

«ድምፆቹ የሚበረቱበት ብቻውን ሲሆን ነው» አለች ኦንዲና። «ከሰው ጋር ይሥራ። መላጥ ከግንዱ ወዲህና ወዲያ የሚቆሙ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ ከአባቱ ተምሮታል።»

«መጥረቢያ ስጠው ነው የምትዪኝ?»

«በሠላሳ አራት ዓመት ስንት ሰው በመጥረቢያ ተጎዳብዎት?»

«ስድስት... ሰባት።»

«የማን እጅ ነበር?»

«የሰካራም! ኪንቲኖ ሲነጋ ጠጥቶ መጥቶ የገዛ ቅልጥሙን ፈለጠው።»

«አባረሩት?»

«ምን ነካሽ? ጎበዝ ላጭ እኮ ነው።»

ቤልሚሮ አንዱን መጥረቢያ አንስቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ማንም ያልጠየቀውን ተናገረ። «ወንድሜ ቪርዢሊዮ እንደዚሁ ነበር። አባታችን ይረፍ ብሎ የጓሮ ክፍል አስቀመጠው። አሥራ አንድ ዓመት! ምግቡ አልጎደለ፣ አልጋው ንጹሕ። በየግንቦቱ በመስኮቱ ሥር ስናልፍ ‹መጥረቢያዬስ?› ይለናል። ‹ሲሻልህ› እንለዋለን። በአሥራ ሁለተኛው ግንቦት አልጠየቀም። በዚያው ሳምንት በገዛ እጁ ሞተ።»

ኦንዲና ላጽናናዎ አላለችውም። «‹ሲሻልህ› የሚባለው ቀን ላይመጣ ይችላል» አለች። «ኢዚድሮም ድምፆቹ ላይተዉት ይችላሉ። እያሉም ግን መሥራት ይችላል። ሊብስበት ሲል ምልክት አለው፤ እንድነግርዎ ራሱ ፈቅዶልኛል። ምሳውን ሳይነካ ይመልሳል፤ በሐሩር ካፖርት ይለብሳል። ያን ቀን መጥረቢያ አይያዝ፤ ይደውሉልኝ። የምለምንዎ ቦታውን ለሌላ እንዳይሰጡበት ብቻ ነው።»

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ኢዚድሮ ከሁሉም ቀድሞ ተገኘ። ሰዎቹ ሲያዩት ወሬያቸውን አቆሙ።

«አለቃ፣ ለአንገቴ ዋሱ ማነው?» አለ ኪንቲኖ።

«አንተ ሰክረህ ስትመጣ ለእግሬ ዋሴ ማን ነበር?»

ሳቁ። ቢሆንም አብሬው ልቁም ያለ አልነበረም፤ ቤልሚሮ ራሱ ጥንድ ሆነው። መጥረቢያውንም በገዛ እጁ አቀበለው።

አንድ ዛፍ ልጠው ሲጨርሱ «አሁን ይሰማሃል?» ሲል ጠየቀው።

«አዎ። ‹በዚህ መጥረቢያ ሊገድሉህ ነው ያመጡህ› ይሉኛል።»

«ታዲያ እንዴት ትሠራለህ?»

«ቅርፊቱ ሊላቀቅ ሲል የመጥረቢያው ድምፅ ባዶ ይሆናል አይደል? እሱ የሚመጣው እጄ ከመታ በኋላ ነው። እጄን ተከትሎ የሚመጣው ድምፅ ነው እውነተኛው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤልሚሮ ኢዚድሮ የላጠውን እያንዳንዱን ዛፍ እየዞረ ይመረምር ጀመር።

በሐምሌ አንድ ቀን የኢዚድሮ ምሳ እንደታሰረ ቀረ። በማግስቱ ካፖርት ለብሶ መጣ። ቤልሚሮ ፊቱ ቆሞ እጁን ዘረጋ። «ዛሬ መጥረቢያውን ስጠኝ።» ኢዚድሮ እጀታውን ጨብጦ ቆየ። በኋላ ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ አቀበለው።

«ቦታዬን ለማን ይሰጡታል?»

«ለማንም።»

ኦንዲና መጥታ ወሰደችው። አሥራ ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኛ፤ ቤልሚሮም አሥራ ሁለት ቀን ብቻውን ላጠ። ባለ ርስቱ መጥቶ «ሥራው ተጓተተ! ለአንድ እብድ ብለህ ነው?» ሲል ጮኸበት።

«ጌታዬ፣ ቆጥሬዋለሁ» አለ ቤልሚሮ። «ከግንቦት ወዲህ ኢዚድሮ ሁለት ዛፍ አቁስሏል፤ ኪንቲኖ አሥራ አንድ። አይጠጣም፣ አያረፍድም። ይኸ የእርስዎ ጥቅም ነው። እናቱ ሌሊት ወጥቶ እንዳይጠፋባት በር ሥር መተኛት ትታለች፤ መርፌውንም ውሰድ ብሎ የሚለምነው የለም፣ ራሱ ቀኑን እየቆጠረ ይወስዳል። ይኸ የእነሱ ነው። ቶሜ ደግሞ የሴት ልጁን ሕመም አራት ዓመት ደብቆ ኖሮ ባለፈው ሳምንት ነገረኝ፤ አሁን ሲስተር እያየቻት ነው። ይኸስ የማን እንደሆነ እንጃ፣ የሁላችንም ይመስለኛል። ሰው ቢታመም ቦታው እንደሚጠብቀው ካወቀ ሕመሙን አይደብቅም። ከደበቀ ምን እንደሚመጣ እኔ ቤት ታይቷል።»

ባለ ርስቱ አጉረምርሞ ሄደ። እሺም እንቢም አላለም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ኢዚድሮ ከስቶ ጫካው መግቢያ ላይ ቆመ። አልቀረበም። ቤልሚሮ አየው፤ መጥረቢያውን ግን አላቆመም። ያለበትን ወገን ልጦ ጨርሷል፤ የዛፉ ማዶ ገና አልተነካም፣ የኢዚድሮ መጥረቢያ ተደግፎበታል እንጂ ሰው አልቆመበትም።

«ምን ቆመሃል?» ሲል ጮኸ። «ፀሐይ ሳይበረታ ያንተን ጎን ላጠው እንጂ!»

ኢዚድሮ ግንዱን ዞሮ ቦታው ላይ ቆመ።