የኔው ተመራጭ በሚኒባስ መጣ

ልጆች፣ ጎረቤቴን ኦቦ ቶላሳን ታውቁት የለ? እሱ የገዢው ፓርቲ ደጋፊ፣ እኔ የተቃዋሚው። አንድ ጊዜ የሁለታችንም ፓርቲዎች የፓርላማ ተመራጮች ለስብሰባ እዚህ ጌዶ መጡ። የሱ በመንግሥት ላንድክሩዘር ከነሾፌሩ መጥቶ ሆቴል ገባ፤ የኔው በሚኒባስ ተጨናንቆ መጥቶ እኔ ቤት አደረ። አቤት ደስታዬ! ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ፣ «አየህ ኦቦ ቶላሳ፣ የኔው ሰው የሕዝብ ገንዘብ አያባክንም!» ብዬ ጮህኩበት።

«አዴ ጫልቱ፣ ማታ ምን በላ?» አለኝ ረጋ ብሎ።

«በግ አሳርጄለት ነዋ!»

«ለዘመን መለወጫ ያደለብሽውን? መሳፈሪያውንስ ማን ከፈለ?»

«እኛው ደጋፊዎቹ አዋጥተን።»

«የመመለሻውንስ?»

መቀነቴን ፈትቼ የቀረችኝን ብር መቁጠር ጀመርኩ።

«እንግዲህ የኔው የመንግሥትን በላ፤ ያንቺው አንቺኑ በላሽ።»

ቀኑን ሙሉ መቀመጥ አቃተኝ፤ ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ። ከስብሰባው በኋላ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁለቱ ተመራጮች ላንድክሩዘሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይሳሳቃሉ! የኔው በመስኮት እጁን እያወዛወዘልኝ ወደ አምቦ ነጎዱ። ነፍሴ መለስ አለች።

«አየህ ኦቦ ቶላሳ፣ መመለሻውን ያንተው መንግሥት ቻለው! አሁንም ወጪው የሚያንሰው የኔው ነው!»

«ኧረ ማሎ፣ አዴ ጫልቱ! ያንቺው እኮ አሁን ሁለታችንንም በላን።»

በሳቅ ፈረስን። እኔ ግን እየሳቅሁም ልቤ አልተቀመጠም፤ ሰውዬው ጠዋት ከቤቴ ሲወጣ «ቶሎ እመለሳለሁ» ብሎኛላ!