አራት ማርሽ ወደ ኋላ

ጋሽ ቦጋለ! ኧረ ይግቡ፣ ይግቡ፣ በር ላይ አይቁሙ። እንዴት አደሩ? ቤተሰቡ ደህና? እህል በረንዳ እንዴት ነው፣ ጤፉ አሁንም ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየናል? … ጆንያ ፈልገው ነው አይደል? ሞልቷል። አዲስ አለ፣ የተሠራበት አለ፣ ትንሽ የተቀደደም አለ፤ እርስዎ ግን የተቀደደ አይወስዱም፣ አውቅዎታለሁ። እስቲ እዚቺ ክምር ላይ አረፍ ይበሉ፣ ፀሐዩ አይመታዎትም። ከፒክአፗ ብቻ ራቅ ይበሉልኝ፤ ጋቢዎን ግራሶ ይነካብዎታል።

የቱ ጫማ? … እሱ? ኧረ ጫማ ብቻ ነው ጋሼ። ከመኪናው ሥር ወጥቶ የሚታይ ባዶ ጫማ። ካልሲም አለው፣ አንዱ ጥቁር አንዱ ቡኒ። ሰው ያለበት መስሎዎት እንዳይሳቀቁ። ሰው ቢኖርበትማ ይኼን ሁሉ ዘመን እንዲህ ተጋድሞ ይቀር ነበር? ይልቅ የራሳችንን እንጫወት።

ሃና ደህና ናት፣ እግዜር ይመስገን። እህቴ ስለሆነች አይደለም፣ ሰሞኑን አምሮባታል። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ትስቃለች፣ ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ስታንጎራጉር እሰማታለሁ። ምን እንደተገኘ እነግርዎታለሁ፣ አይቸኩሉ። እስከዚያ ስለ አንድ ስለማውቀው ሰው ላጫውትዎ። ስሙን አልጠራም። ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ በጾም አላማም።

አንድ ሰው አለ። ጨዋ ነው። ትሑት ነው፤ ሲበዛ ትሑት ከመሆኑ የተነሣ ጀርባውን ከመሬት አንሥቶ አያውቅም። እጁ ወርቅ ነው ይሉታል… እኔ እስካሁን ብረት ሲነካ እንጂ ወርቅ ሲነካ አላየሁትም። ቀለበትም ወርቅ ነው አይደል ጋሼ?

ይኼ ሰው አንዲት ልጅ ወደደ። ልጅቷም ወደደችው፣ ዓይን የለሽ! አባቷ ሲሞት የተወላት አንዲት አሮጌ ፎርድ ፒክአፕ ነበረች። በጃንሆይ ጊዜ ከጎጃም ቅቤና ማር ስታመላልስ ኖራ፣ ኋላ ሞተሯ ሞቶ፣ ግቢ ውስጥ ዶሮ የሚያድርባት። ሰውየው አያትና ልቡ ተነካ። «ይቺን መኪና ሞተር ቀይሬ፣ ካምቢዮ ቀይሬ አድሳታለሁ። ሙሽራዬን በአባቷ መኪና ነው የምወስዳት» አለ። ቤተሰቡ በሙሉ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አገባኝ እንጃ። እርስዎም አልቅሰዋል ጋሼ፣ አይካዱ፤ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱለት የለመነው እርስዎን አይደል? ይኼ የለበሱት ጋቢ ያኔ ለሽምግልናው የገዙት ነው መሰለኝ… አዬ ጉድ፣ ሳይሸመግል አረጀ።

ለሚሊኒየሙ ነበር እኮ የተባለው። «ለሁለት ሺህ እንጋባለን» ሲል ሰምተነዋል። አሁን ሁለት ሺህ አንድ ነው። ግን እንፍረደው? ሞተር መምረጥ እንዲህ ቀላል ነገር ነው? ሚስት መምረጥማ ምን አላት፣ የሰው ሠርግ ላይ ዞር ብለው አይተው ይጨርሱታል። ሞተር ግን ይታሰብበታል።

በፊት «የራሷን ሞተር እንጠግነው» ቢሉት «እሷ ቤንዚን ትጠጣለች» አለ። እውነቱን ነው፣ የምትጠጣ ማን ያገባል? … ይቅርታ፣ ማን ይገጥማል ለማለት ነው። ከዚያ ከተገለበጠ ሚኒባስ የወጣ የናፍጣ ሞተር አመጣ። ወይ ጉልበት! ሲያስነሣው የጎረቤታችን የኢማን ሱቅ ብርጭቆዎች ብቻቸውን ይጨፍሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «በቃ፣ ዘንድሮ ሠርግ አለ» አለ። ከወር በኋላ ብቅ ብሎ «ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር አልተስማማም» አይል መሰለዎት? ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ ደግሞ፣ አይሰለቸውም። ሞተሩ ብቻውን ቢጮህ ዋጋ የለውም፣ ካምቢዮው ተቀብሎ ለጎማው ማድረስ አለበት፤ በመሃል ፍሪሲዮን የሚባል አለ፣ ሲጣሉ የሚያለያያቸው፣ ሲታረቁ የሚያገናኛቸው። «አንዱ ሲሰጥ ሌላው ካልተቀበለ መኪና የሚባል የለም እትዬ ፋንታዬ» አለኝ። እንዴት ያለ ቁም ነገር ነው! ትዳርን ጥርት አድርጎ ያውቀዋል… በብረት።

ናፍጣውን አወረደ፣ ሌላ ሞተር ሰቀለ። አሁን ደግሞ ካምቢዮው ባለ አራት ማርሽ ይሁን ባለ አምስት? በዚህ አንድ ክረምት አለፈ። ባለ አራቱ ጠንካራ ነው፣ ባለ አምስቱ ግን ለረጅም መንገድ ያሳርፋል አለ። ረጅም መንገድ! እኛ ያሰብነው እስከ ማዘጋጃ ቤት ድረስ ብቻ ነበር፤ ሄደው ፈርመው እንዲመለሱ።

አይ፣ መቸኮል ጥሩ አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እሱ ስላልቸኮለ አላፈሰሰም፣ የሚለቅመውም የለ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ ደግሞ። እኛ ግቢ ያለው እንቁላል በእግሩ ሄደ፣ ጫጩት ሆነ፣ አውራ ዶሮ ሆነ፣ ዓመት በዓል መጣና ተበላ… ሰውየው ካምቢዮ እየመረጠ ነበር። አገር ቤት ያሉ ዘመዶቼስ ምን ይሉ ነበር? «ዐባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል።» ደግነቱ የእኛው ግንድ አይደለም ይዞ የሚዞረው፣ ሞተር ነው። ዐባይ ስልዎ ወንዙን ነው ጋሼ፣ ሌላ ፍቺ እንዳይሰጡብኝ።

ጫማው ተነቃነቀ? … አይጥ ትሆናለች። ጆንያ ባለበት አይጥ አይጠፋም።

እኔ ያንን ሰው ጠልቼው አላውቅም። ጠዋት ሱቄን ስከፍት ቀድሜ የምመርቀው እሱን ነበር። «ለሃና ሠርግ ያብቃህ!» እለዋለሁ፤ ከሥር ሆኖ «አሜን እትዬ!» ይለኛል። ከልቡ ነው የሚለው ደግሞ፣ ግቢው ያስተጋባል። አሜን በማለት የሚያህለው የለም። … እንዴ፣ ሃና አልኩ? ልጅቷን ማለቴ ነው። ምን ላድርግ፣ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። እንግዲህ ከወጣ ላይመለስ፣ ሃና ናት እንበል።

አንድ ነገር ግን ያለ ቀልድ ልንገርዎ። ይቺ ልጅ የሚሊኒየሙ ዕለት አዲስ ቀሚስ ለብሳ እዚህ በር ላይ ቆማ ነበር። ከተማው በአምፖል አብርቷል፣ ርችት ይተኮሳል። እሱ ከሥር አንገቱን ብቅ አደረገና «ሃኒዬ፣ ርችት ነው ወይስ የኔ ሞተር ነው የተኮሰው?» አላት። ሳቀች፣ እሱ ፊት ስቃለች። ትራሷን የማጥበው ግን እኔ ነኝ ጋሼ። አንጀቴን በልታኛለች። አባት የላት፣ እናት የላት፣ ያለኋት እኔ ነኝ፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ጆንያ መሸጥ ሆኖ ቀረ።

ይተዉት፣ ወደ ሳቁ እንመለስ። ባለፈው ቅዳሜ «ዛሬ ትወጣለች!» ተባለ። እርስዎ ለቅሶ ሄደው አመለጥዎ። ጎጃም በረንዳ ያልወጣ ሰው አልነበረም። ተሸካሚው ሸክሙን አውርዷል፣ ሊስትሮው የደንበኛውን አንድ እግር ጠርጎ ሌላውን ትቶ መጥቷል፣ ከጭድ ተራ ጭድ የጫነች አህያ ሳትቀር በር ላይ ቆማለች። ሃና የፋሲካ ቀሚሷን ለብሳ ጋቢና ገባች። እሱም በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት፣ «ይቺ መኪና ከዚህ በር በወጣችበት ሰዓት ጋሽ ቦጋለን እልካለሁ!» አለ። እልል አልኩ! ሞተሩ ተነሣ። ሲነሣ ደግሞ ያምራል፣ ያየሁትን አልክድም። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ አንደኛ ማርሽ አስገባ፣ «መንገድ ልቀቁ!» አለና… ወደ ኋላ ሄደ።

የተሳሳተ መሰለን። ሁለተኛ አስገባ፤ ወደ ኋላ፣ አሁን በፍጥነት። ሦስተኛ ሲያስገባ እዚቺው እርስዎ የተቀመጡባት ክምር ውስጥ ገባ፣ ጆንያዬ እንደ እርግብ በረረ። ለካስ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ዲፈረንሻል ሲገጥም ትልቁን ጥርስ በወዲህ በኩል ማድረግ ሲገባው በወዲያ አድርጎት፣ ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደ ፊት! ያቺም አንዷ የኋላ ማርሽ የነበረችው ናት። እስቲ መርካቶን ያስሱ፣ ይኼን የሠራ ሌላ ሰው ያገኛሉ? የለም። አህያዋ እንኳ ዞር ብላ አየችው። አሁን የሰፈሩ ልጆች «ባለ አራት ኋላ» እያሉ ይጠሩታል አሉ፤ እኔ ስም አልጠራም ብያለሁ።

ግን ብልህ አይደል? ቶሎ ገባውና የኋላ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ቀስ እያለች ወደ ፊት ሄደች… ሄደች… ከበሩ ወጣች! ሕዝቡ አጨበጨበ። ሃና ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠች፣ ፊቷ እንደዚያን ዕለት በርቶ አላየሁትም፣ «እንግዲህ ከበሩ ወጥታለች» አለችው።

ምን ቢላት ጥሩ ነው ጋሼ? … ይገምቱ እስቲ። «በኋላ ማርሽ የወጣ አይቆጠርም» አላት።

አይቆጠርም! እንዲህ ያለ ለቃሉ የሚጠነቀቅ ሰው ከየት ይገኛል? ሌላው ሰው ቢሆን በሬ ስቦም ያውጣት ወጥታለች ብሎ ሽማግሌውን በላከ ነበር። ሃና በሩን ከፈተች፣ ወረደች፣ ቀሚሷን አራገፈችና በእግሯ ሄደች። ወደ ፊት ነው የሄደችው። ዘወር ብላ ሳታይ።

እሱማ በዚያች ማርሽ መመለስ ስለማይችል በአራቱ ተመለሰ። ይኸው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ክሪክ ላይ ሰቅሏት ከሥሯ አልወጣም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ጫማው… ያ ሰው ማለቴ ነው፣ «ምናልባት ጥፋቱ የሞተሩ ይሆን? ሞተሩን ባወርደውስ?» እያለ ለራሱ ሲያወራ ሰማሁት። ፈረሱም ይኸው ሜዳውም ይኸው ሲሉት እሱ ልጓም እየመረጠ ነው።

ለካስ ያን ዕለት የተበተነውን ጆንያ ሳይጠየቅ የለቀመልኝ አንድ ሰው ነበር። ይኼኛውን ስሙን ልጥራው፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ምንይሉ ነው፣ ባለጋሪው። ያውቁታል፣ የእርስዎንም እህል ገፍቷል። ምስኪን! ሞተር የለው፣ ካምቢዮ የለው፣ ናፍጣና ቤንዚን አይለይ። የሚያውቀው «ዞር በሉ!» ብሎ ፊት ለፊት መግፋት ብቻ ነው። ሰኞ ዕለት ታጥቦ መጣ። «እትዬ ፋንታዬ፣ ሃናን ዱሮም በልቤ አስባት ነበር፤ ተይዛለች ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ጠየቅኋት፣ እሺ አለችኝ። እሑድ ሽማግሌ ልላክ?» አለ። በአንድ ትንፋሽ! ሰው እንዲህ ይቸኩላል? አፈርኩለት። ሃናን ለብቻዋ ጠርቼ «ምኑን ወደድሽው?» ብላት «ሲያናግረኝ ፊቱን አያለሁ» አለችኝ።

ምን ጮኸ? … መፍቻ ነው የወደቀው። ብቻውን ይወድቃል አንዳንዴ። ጫማውም ጸጥ አለ፣ አዩ? አይጧ ሄዳለች ማለት ነው።

እና ጋሼ፣ ጆንያውንስ ይወስዱታል፤ እኔ ግን እርስዎን የምፈልግዎ ለሌላ ነው። አባታችን የለም። እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ በእኛ ወገን ተቀምጦ የሚቀበል አባት ያስፈልገናል። ይኼ ጋቢ ለሃና ነገር አይደል የተገዛው? ይኸው ሥራውን አገኘ። መላክ ቢቀርብዎ መቀመጥ አገኙ፣ ያውም የክብር ቦታ ላይ። እሺ ይበሉኝ… እሺ? ይባረኩ! ዕድሜ ይስጥልኝ።

ለዚያ ለማልጠራው ሰው ደግሞ ክፉ አልመኝለትም፣ የደከመ ሰው ነው። እጁን ያበርታለት። ሞተሩን ከካምቢዮው ያስማማለት። የተገለበጠውን ጥርስ እግዜር ራሱ ወደ ቦታው ይመልስለት። ሠርጉ ለጥር ነው፣ ጾሙ እንደወጣ፤ እስከዚያ እንኳን ያድርስለት። «ሃናን በአባቷ መኪና ነው የምወስዳት» ብሎ የለ? ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነው፣ ይውሰዳት… ምንይሉ ቤት ድረስ። ከኋላ ለሚዜዎቹ ቦታ አለ፣ እሱ መሪውን ይያዝ። እኔ እንደሆንኩ ምርቃቴን አልቀይርም ጋሼ፣ እንደ ሰው ሞተር ቀያሪ አይደለሁም። ያቺው የጠዋት የጠዋቷ ናት፤ ከታች «አሜን እትዬ» የሚል ካለም እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ይበልልኝ…

ለሃና ሠርግ ያብቃው!