የወይዘሮ በቀለች ምድጃ

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ ስሄድ ሚኒባሳችን ጎማው ፈነዳ። ዝናብ ስለነበር ከመንገድ ዳር ካለ ቤት ተጠጋሁ። ባለቤቷ ወይዘሮ በቀለች አረቄ እያወጡ ነበር፤ ቤቱን ጭስ ሞልቶታል። ዓይናቸውን እየጠረጉ «ግባ ልጄ፣ አትበስብስ» አሉኝ። ከጭስ ካልራቁ ማየት እንደሚሳናቸው ሐኪም ነግሯቸዋል፤ ከእሳቱ ቢርቁ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ የላቸውም።

ጥቂት ቆይቶ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የወንድማቸው ልጅ መሳፍንት፣ ራሱ የሠራውን የብረት ምድጃ ተሸክሞ ገባ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከእሳቱ ሙቀት ኮረንቲ አውጥቶ ማራገቢያ የሚያዞር ምድጃ ነው፣ አክስቴ። ማራገቢያው አየር ሲነፋበት ጭሱ ራሱ ይነዳል። የመጀመሪያው ተቃጥሎብኝ እንደገና የሠራሁት ነው።»

«እሳትና ኮረንቲ ከአረቄ አጠገብ? ቤቴን ልታነድ ነው የመጣኸው?»

«ኮረንቲው ስልክ ለመሙላት ያህል ብቻ ነው፤ ሰው አይነዝርም።»

«ጭስ ያልነካው አረቄስ ማን ይጠጣልኛል?»

«ጭሱ አረቄው ውስጥ የሚገባው ገንቦውን ሲያጥኑት ነው እንጂ በእርስዎ ዓይን በኩል አይደለም።»

ሳቅ አመለጠኝ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። «እስቲ ቀጣዩን ገንቦ ጣድበት፤ ከተበላሸ ግን አንተ ትጠጣዋለህ።»

ከምድጃው ጎን አንድ ፊቷ ወደ እሳቱ፣ ሌላው ውሃ ወደያዘ ጣሳ የዞረ፣ ኮረንቲ የምታወጣ ስስ ሰሌዳ አለች። እሳቱ ሲግል ማራገቢያው ዞረ፤ ጭሱ ሳሳ። ብዙ ሳይቆይ ግን እያዘገመ ቆመ፤ ጭሱም ተመለሰ።

«የተማረ እሳት ቶሎ ይደክማል» አሉ ወይዘሮ በቀለች።

መሳፍንት አልተቆጣም። «አክስቴ፣ መቀበያው የተቀመጠበት ውሃ ሲሞቅ አረቄው ምን ይሆናል?»

«መንጠብ ይተዋል። በቀዝቃዛ እለውጠዋለሁ።»

«ይህች ሰሌዳም እንደዚያው ናት። እሳት ብቻውን ኮረንቲ አይሰጣትም፤ አንዱ ፊቷ ሲግል ሌላው መቀዝቀዝ አለበት። ጣሳውን ይንኩት እስቲ።»

ነኩት፤ ይፋጃል። በጨርቅ ይዘው ደፉትና ከእንስራው ቀዝቃዛ ውሃ ሞሉት። ማራገቢያው ተነሣ።

ሰው አዲስ ነገር የሚጠላው ሁልጊዜ ከስንፍና አይደለም፤ የኖረበትን እውቀት የሚንቅበት ስለሚመስለው ነው። መሳፍንትን ያደነቅሁት ምድጃውን በመሥራቱ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩን የሚያስረዳበትን ምሳሌ ከአክስቱ ሥራ ውስጥ ፈልጎ በማግኘቱም ነው።

«እንጨቱም ይቀንስልዎታል፤» አለ፤ «ስልክዎንም ለማስሞላት ከተማ አይወጡም።»

ወይዘሮ በቀለች እሳቱ ላይ እንጨት ጨመሩ።

«ለጎረቤቴ ለእታለማሁም ሥራላት» አሉ፤ «እሷ ከእኔ የባሰባት ናት፤ አንድ ዓይኗን ጨፍና ነው የምትማግደው። የውሃውን ነገር እኔ አሳያታለሁ።»