የዋልያው ቋንጣ

«ይህን አደራ ካላነሱለት አልነዳም ጋሼ!»

ሄዋን መኪናዋን መንገድ ዳር ፓርክ አድርጋ ሞተሩን አጠፋች። አቶ ይመር ከጎኗ፣ የወንድማቸው ልጅ ጣሰው ደግሞ ሻንጣውን ታቅፎ ከኋላ ተቀምጠዋል። አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ አውሮራ ከተማ ላይ የኤርፖርት አውቶቡስ ሲጠብቁ አግኝታ ስታሳፍራቸው፣ ይህችን ጎረቤታቸውን እግዜር የላካት መስሏቸው ነበር፤ አሁን ግን ማን እንደላካት መጠራጠር ጀምረዋል። ጥፋቱ የራሳቸው ነው። ወደ ጎንደር የሚሄደውን ጣሰውን፣ «አዳኙ የዋልያ ቋንጣ ደባርቅ ድረስ ያመጣልሃል፤ ስትመለስ በርበሬው ውስጥ ቅበረው» ሲሉት ሰምታለች።

«የልጅ ልጄ እኮ ያለ ቀኑ ነው የተወለደው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እፍኝ አይሞላም። በእኛ ቤት አራስ የዋልያ መረቅ ከጠጣች ወተቷ ይጠነክራል፤ ልጁም ገደል የሚወጣ ይሆናል። ይሄ ነውር ነው?»

የሄዋን ፊት ለዘብ አለ። «ጭንቀትዎ ነውር አይደለም። ግን ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የለም፤ የቀረውም ጥቂት መቶ ነው።»

«እኔ አልገደልኩ! ድሃ ይሸጣል፣ እኔ እገዛለሁ። ፓርኪንግ አብሮኝ የሚሠራው አሜሪካዊስ? በየዓመቱ ኤልክ የሚሉትን የዱር አጋዘን ሥጋ ጭኖ ይመጣል።»

«በፈቃድ ነዋ የሚያድነው። ኤልክም እዚሁ ኮሎራዶ ሊያልቅ ደርሶ ነበር፤ አደኑን ከልክለው ጠበቁት፣ ተራባ። ደግሞስ ገዢ ባይኖር ያ ድሃ ለማን ብሎ ገደል ለገደል ይንከራተታል? ቢያዝ የሚታሰረው እሱ ነው።»

«እኔንስ ጉምሩክ ቢይዘኝ?» አለ ጣሰው።

«አንተ ሻንጣህን ጠብቅ!» አሉና ወደ ሄዋን ዞሩ። «መጽሐፍ ራሱ ብሉ ከሚላቸው ውስጥ ዋልያ አለ። እናንተ ጴንጤዎች ጥቅስ አያልቅባችሁም፤ እስቲ መልሺ!»

ሄዋን ሳቀች። «ዘዳግም ላይ ነው። ትንሽ ገለጥ ቢያደርጉ እዚያው፣ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ያዛል። እናቲቱን ለለቀቀ ምን ተገባለት ጋሼ?»

አቶ ይመር ያውቁታል። የተገባለት ረጅም ዕድሜ ነው። ለዚያ እፍኝ ለማይሞላ ሕፃን ሌት ተቀን የሚለምኑት እሱኑ ነበር። የደባርቅ ሰው ናቸውና፣ ከሩቅ የሚተኩስ አዳኝ እናትና ወጠጤ እንደማይለይ አልጠፋቸውም። ለራሳቸው አራስ ብለው የሌላዋን አራስ ሊያስገድሉ ኖሯል።

«ታዲያ ልጄን ምን ላጠጣት?» አሉ ቀስ ብለው።

ሰው ከያዘው ነገር የሚላቀቀው ምኞቱ ሳይነካ መንገዱ ብቻ ሲቀየርለት ነው። ሄዋን ይህ ገብቷታል።

«የበሬ መረቅ፣ ምስር፣ አጥሚት። ነርሲንግ እየተማርኩ አይደል? ከጠገበችና ካረፈች ወተቷ ይመጣል። ሕፃኑም ሲጎረምስ ሰሜን ይወስዱትና ዋልያውን በዓይኑ ያያል። ያ አዳኝም ለቱሪስት በቅሎ ቢያከራይ ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ የሞተ ዋልያ ስንት ቀን ያበላዋል?»

«ጣሰው» አሉ አቶ ይመር፣ «ቋንጣው ቀርቷል። አዳኙን፣ ይመር አይገዛም፣ አንተም በቅሎ ፈልግ ብሏል በለው።»

ከልባቸው አንድ ሸክም የወረደላቸው ያህል ተነፈሱ። ሄዋን ሞተሩን አስነሣች።

ኤርፖርቱ ደጃፍ ሲቆሙ ክርክሩ ወደ አጥሚቱ ዞሮ ነበር።

«ቅቤ ካልበዛበት አጥሚት ነው እንዴ?»

«በልኩ ጋሼ፣ በልኩ!»

«ልክ ያለው ቅቤ ደግሞ የት አገር ነው?»

የኋላው በር ተከፍቶ ተዘጋ። ጣሰው ሻንጣውን እየጎተተ በመስታወቱ በር ገባ።

«እሺ፣ ሁለት ማንኪያ» አለች ሄዋን።