ከጋሪ የወረዱት ብርድ ልብሶች

ማርጊላን ከተማ ውስጥ የምራትን የጥጥ ብርድ ልብሶች በጋሪ ጭኖ ወደ ወላጆቿ ቤት መመለስ ትዳሩ አበቃ ማለት ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልገውም። ወይዘሮ ሆሲያት ጋሪውን አስጭነው፣ የሐኪም ወረቀት ጨብጠው ከግቢ ሊወጡ ሲሉ ከጎረቤታቸው ልጅ ከዶክተር ሳኖባር ጋር ተገጣጠሙ። ምራታቸው ዙልሁሞር ጓሮ ተቀምጣ ታለቅሳለች።

«አክስቴ፣ እንደምን አደሩ? ይሄ ሁሉ ጭነት ወዴት ነው?»

«ወደ መጣበት! ሁለት ዓመት ጠበቅን። ይኸው መካን ናት ብለው ጻፉ። ኢልሆም ያለኝ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ምን ላድርግ?»

ሳኖባር ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። «መካን የሚል የለበትም፤ ‹ለመጸነስ መቸገር› ነው የሚለው። ባልና ሚስት ያለ መከላከያ አንድ ዓመት ኖረው እርግዝና ካልመጣ እንዲህ ይባላል። ምርመራ ይጀመር ማለት እንጂ ፍርድ አይደለም። ጨርሶ መውለድ አለመቻል ሌላ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ቃል እየሰነጠቅሽ ልትሸነግዪኝ ነው?»

«እሺ፣ ትልቋን ልጅዎን ማሊካን ከወለዱ በኋላ ኢልሆምን ያገኙት ስንት ዓመት ቆይተው ነው?»

«ሰባት ዓመት» አሉ ሆሲያት፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ያኔ ቢመረመሩ ይኸው ስም ይጻፍልዎ ነበር። ልዩነቱ ጸንሳ ለማታውቅ ‹የመጀመሪያ›፣ ከዚያ በፊት ለጸነሰች ‹ተከታይ› መባሉ ብቻ ነው። ታዲያ እርስዎ መካን ነበሩ?»

በእነዚያ ሰባት ዓመታት ሆሲያት ሻይ ሲቀዱላቸው እንኳ አማታቸው ፊታቸውን ያዞሩባቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። የተጎዳ ሰው ጉዳቱን ረስቶ በሌላው ላይ መድገሙ ያሳዝናል።

«ደግሞስ ኢልሆም ተመርምሯል?»

«ኢልሆም? በሬ የሚያክል ሰው!»

«በሬነቱን ማን ጠየቀ? ችግሩ ከወንድም፣ ከሴትም፣ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል። ብዙው ደግሞ ይታከማል።»

ሆሲያት ሳቅ አመለጣቸው። ከስንት ወር በኋላ ደረታቸው ቀለል አለ። «ጋሪውን መልሰው!» አሉ ነጂውን።

የበሽታን ስም በትክክል ማወቅ ሕክምናውን ያሳያል፣ ነቀፋን ያስቀራል፣ ትዳርንም ያቆያል። ሆሲያት ይህን የተረዱት ጋሪው በራቸውን ከማለፉ በፊት መሆኑ ደግ ሆነ።

ጓሮ ሄደው ዙልሁሞርን በእጃቸው አነሷት። «ይቅር በዪኝ ልጄ። እኔም ሰባት ዓመት አልቅሻለሁ። ነገ ኢልሆምን ይዘን ሦስታችንም ሐኪም ቤት ነን።»

ብርድ ልብሶቹ ተመልሰው በዙልሁሞር ክፍል ሣጥኑ ላይ ተደረደሩ። የመጨረሻውን ሆሲያት ራሳቸው ከላይ አኖሩት።