ሹፌሩ ተሻገረ ወይ?

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ሲኒማ ገብቶ የወጣ ሰው ዝም ብሎ ቤቱ አይገባም ነበር። እናቶቻችን ሲኒማ ቤት አይሄዱማ፣ ነውር ነው፣ እና እኔ አይቼ ስመለስ የሰፈሩ ሴቶች ከከተማው ግንብ በሮች አንዱ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ደጃችን ላይ ተሰብስበው ይጠብቁኛል። ታዲያ ገና ሳልቀመጥ፣ «ይሞታል ወይስ ይተርፋል? እሱን አስቀድምልን» ይሉኛል። መጨረሻውን መጀመሪያ ነው የምነግራቸው፣ ገባህ? መጨረሻውን መጀመሪያ። ልባቸው ካረፈ በኋላ ነው እያለቀሱም እየሳቁም ከሥሩ ጀምሮ የሚሰሙኝ። እኛ ፊልም ማውራት የምናውቀው እንዲህ ነው።

ታዲያ የልጅ ልጄ ሜሮን፣ እዚሁ እኔ ጋ ነው የምትኖረው፣ ከሬዲዮ ጣቢያ ለሙከራ ተጠራች። ስለ ፊልም፣ ስለ ሥዕል፣ ስለ ጋዜጣ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚወራ ለተማሪዎች የሚነገርበት ፕሮግራም ነው፣ አድማጭ እየደወለ ቃሉን ይሞክራል። ኃላፊዋም እቅጩን ነግሯታል፤ «ስልክ ካልጮኸ ፕሮግራሙም የለም፣ አንቺም የለሽም።» ከተመረቀች ጀምሮ ሥራ ፍለጋ ስትዞር ጫማዋ አልቋል፣ እና ልቤ አብሯት ተሰቅሏል።

እና በዋዜማው፣ መብራት የለም፣ ሻማ አብርታ እኔን እንደ ተማሪ አስቀምጣ ትለማመድብኛለች። የመረጠችው ፊልም የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ታሪክ ነው፣ ለታመመች ልጁ መድኃኒት ይዞ ሲመጣ ድልድዩን ጎርፍ አጥለቅልቆት ያገኘዋል።

«አባባ፣ የታሪኩ አካሄድ ፕሎት ይባላል። ታሪኩ የሚሆንበት ቦታና ጊዜ ሴቲንግ ነው። ፊልሙን አይቶ ጥሩ ነው፣ መጥፎ ነው ብሎ መተቸት ደግሞ ሪቪው።»

«ደግ። ሹፌሩስ ተሻገረ?»

«እሱ አይነገርም።»

«ለምን አይነገርም?»

«ስፖይለር ይሆናላ። መጨረሻውን ተናግሮ ላላየው ሰው ማበላሸት ማለት ነው።»

እዚህ ላይ ግራ ገባኝ። ምኑ ነው የሚበላሸው? ወጥ ነው? ሰውዬው ልጁ ታማበት ድልድይ አፍ ላይ ቆሟል፣ እሷ ሴቲንግ ትለኛለች። «ሜሮንዬ፣ ሰውን ጭንቅ ላይ ጥሎ መሄድ ነው እንዴ ትምህርቱ?» ብላት፣ «አባባ፣ ይተዉኝ እስቲ፣ ደንቡ እንደዚያ ነው» ብላ ተቆጣች፣ ዓይኗንም አሸሸችብኝ።

በነጋታው ሬዲዮኔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አዴ ፋጡማም መጡ፣ አዴ የምንለው ለትልቅ ሴት ነው፣ ከድሬ ጠያራ ገጠር ለውዝ የሚያመጡልኝ የጥንት ደንበኛዬ ናቸው። ሜሮን ጀመረች። ሹፌሩን ነገረች፣ ልጅቱን ነገረች፣ ጎርፉን ነገረች፣ ፕሎት አለች፣ ሴቲንግ አለች፣ «እስቲ ደውሉና በቃላቱ ዓረፍተ ነገር ሥሩ» አለች። ዝም። ሙዚቃ አስገቡ፣ አሁንም ዝም። አዴ ፋጡማ ግን የእኔን ጭንቀት መች ያውቃሉ።

«ጋሽ ተፈራ፣ ሰውየው ተሻገረ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አያውቁም? የልጅዎ ልጅ አይደለች?»

«አይነገርም ብላለች።»

«አስተግፊሩላህ፣ ልጅቱ መድኃኒት ትጠብቃለች እኮ። በሉ፣ ይደውሉልኝ።»

ደወልኩላቸው። ወዲያው ድምፃቸው ከአጠገቤም ከሬዲዮኑም ይጮህ ጀመር። «ሬዲዮኑን ይቀንሱት» አለች ሜሮን። ድምፃቸውን አውቃዋለች፣ ግን ሥራ ላይ ናት፣ እና እንደማያውቃቸው ሆና፣ «እናቴ፣ የትኛውን ቃል ይሞክራሉ?» አለቻቸው።

«ሁሉንም። ሰውየው ተሻገረ ወይ?»

«እሱ ስፖይለር ነው፣ እናቴ።»

«ስፖይለር ማነው ደግሞ? ድልድዩን የዘጋው እሱ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስልኩ መች ዐረፈ። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ «ፕሎቱ ገብቶኛል፣ ግን ተሻገረ?» ይላል። የፈላና በር ባለሱቅ፣ «የእኔ ሪቪው ይኸውላችሁ፤ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ አስተማሪዋ ግን ጨካኝ ናት» ይላል። ኃላፊው ደስ ብሎት እዚያው ቀጠራት። እኔ እንደሆነ እስከ ዛሬም አልገባኝም፣ እውነቴን ነው የምልህ። በእኛ ጊዜ ሰው እንዲህ አንጠልጥዬ ብሄድ እነዚያ ሴቶች ዳግመኛ ደጃቸውን አያስረግጡኝም ነበር፣ ዛሬ ሥራ ያስቀጥራል።

እና ስትመለስ አቅፌ ሳምኳትና በሩን ዘጋሁ። «በይ፣ አሁን ሬዲዮም የለ፣ ማንም የለ። ተሻገረ?»

አንገቷን ደፋች። «አባባ፣ እኔም አላውቅም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ትናንት ሳየው ድልድዩ ጋ ሲደርስ መብራት ጠፋ። ኢንተርኔቱም አብሮ ሄደ።»

ምን ልበልህ፣ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ያ ሁሉ ፕሎት፣ ያ ሁሉ ሴቲንግ፣ ለካ መብራት ጠፍቶባት ነው። ግን ደግሞ እሷም እንደ አዴ ፋጡማ ተጨንቃ መዋሏን ሳስብ አንጀቴን በላችኝ። መብራቱ ተመልሶ ስለነበር ስልኳን መሃላችን አደረግንና መጨረሻውን አብረን አየን።

ይህን ሁሉ ሲያወሩልኝ ስጽፍ የነበርኩት እኔም ጽሑፌን አቁሜ፣ «እና ጋሽ ተፈራ፣ ተሻገረ?» አልኳቸው።

ጋሽ ተፈራ ሳቁ። «አይ እንግዲህ፣ ስፖይለር ነው። መጀመሪያ የምነግረው ለአዴ ፋጡማ ነው። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ገና ሳይቀመጡ እነግራቸዋለሁ።»