ጫፉ ያልደነዘዘ ምስማር

ዛሬ ጠዋት በዚህ ግቢ፣ የሬሳ ሳጥኑ ክዳን በእጅ መዶሻ ይመታ ወይስ በማሽን በሚል የተነሣው ጭቅጭቅ እየከረረ ሄዶ፣ የሟች ታናሽ ወንድም በአየር ግፊት ምስማር የሚተኩስ ማሽኑን አንጠልጥሎ «ለወንድሜ ብዬ ነው፤ ባንድ አፍታ ያልቃል» ቢል፣ የሟች ባለቤት «ዋርሳዬ፣ በቁማቸው ያደረግኸው አይበቃም? እሱን ይዘህ እንዳትጠጋቸው!» ብለው ክዳኑ ላይ ተደፉ። የጠቡን ሥር የማታውቁ ለቀስተኞች ስላላችሁ፣ የሕይወት ታሪካቸው ከነምክንያቱ እንዲነበብ ባለቤታቸው አዘዋል።

ሁላችንም ጋሽ ዱልዱም እያልን የምንጠራቸው እኚህ ሰው፣ ከአናጢ አባታቸውና ቅርጫት ይሠሩ ከነበሩ እናታቸው የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው በማረፋቸው፣ ታናሽ ወንድማቸው ትምህርቱን እንዳያቋርጥ እሳቸው ደብተራቸውን አስቀምጠው የአባታቸውን መዶሻ አነሡ።

ከአባታቸው የወረሱት አንድ ልማድ ነበራቸው። ምስማር ከመምታታቸው በፊት በቆቡ ዘቅዝቀው ጫፉን ጠቅ አድርገው ያደነዝዙት ነበር፤ ሹል ምስማር እንጨቱን ሰንጥቆ ሲገባ፣ የደነዘዘው ግን ሳይሰነጥቅ መንገዱን ጨፍልቆ ይገባልና። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ ሲጠሩበት «ስለታሞቹማ እናንተ ናችሁ» እያሉ ይስቁ ነበር።

ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ታናሽ ወንድማቸውም ትምህርቱን ሲጨርስ በእንጨት ሥራ ቤታቸው እኩል ባለቤት አደረጉት። እሱም ማሽኑን ገዝቶ መጣና «ጋሼ፣ ዓለም በሮኬት ሲሄድ አንተ ምስማር እየዘቀዘቅህ ትቀጠቅጣለህ!» ቢላቸው፣ አልተቆጡም። «ለአጥርና ለኮርኒስ ይሁንህ። ሰው ለሚረግጠው ግን አይሆንም፤ ማሽንህ ክንድ እንጂ ጆሮ የለውም፣ እንጨቱ ሊሰነጠቅ ሲል አይሰማም» አሉት፤ በዚህም ተስማሙ።

በኋላ ዓይናቸውን ታክመው በተኙ ጊዜ፣ የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ የቤት ውስጥ ደረጃ በማሽኑ ሳይሆን በእጁ እንዲሠራ ለወንድማቸው አደራ ሰጡት፤ እሱም «የአባታችን አጥንት ይፋረደኝ!» ብሎ ማለ። ደረጃው ያማረ ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ ግን አንዱ መርገጫ ተሰንጥቆ ልብስ ሰፊዋ ወደቁ፤ ዛሬ በምርኩዝ ሆነው እዚህ መካከላችን ተቀምጠዋል። ሰፈሩም «የጋሽ ዱልዱም ዓይን ብቻ መስሎን፣ ለካ እጃቸውም ደንዝዟል» ይል ጀመር።

ጋሽ ዱልዱም ሄደው መርገጫውን ነቀሉት። በስቱኮ ከተሸፈነው ቀዳዳ የወጣው ምስማር ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነበር። ያን ምስማር ይዘው ወደ ሥራ ቤት ሲመለሱ፣ የልብስ ሰፊዋን ባል «ማነው የሠራው? ንገሩኝ!» እያሉ ቆመው አገኟቸው። ምስማሩን በወንድማቸው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖሩትና ጠበቁት። እሱ ግን ሰጋቱራውን በእግሩ እየገፋ «ደረጃው የጋሼ ሥራ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባሁም» አለ። ጋሽ ዱልዱም የአባታቸውን መዶሻ አንሥተው ወጡ፤ ከዚያ ወዲያም ያን ደጃፍ አልረገጡም።

በቤታቸው በረንዳ ላይ በርጩማ እየሠሩ፣ ለትልቋ ልጃቸው ሙያቸውን እያስተማሩ ኖሩ። ደረጃና ጣሪያ አሠራለሁ ብሎ የመጣ ሰው ግን አልነበረም። ባለቤታቸው «ለምን እውነቱን አይናገሩም?» ሲሏቸው «እናቴ የወለደችው ሁለት ነው፤ አንዱን በቁሙ እኔ ልቅበረው?» ይሉ ነበር። ሳንባቸው ታሞ ሲማቅቁ ዓይናቸው ከበሩ አልተነቀለም፤ ወንድማቸው ግን አልመጣም። ትናንት ማለዳ ዐረፉ።

ልብስ ሰፊዋ ሆይ፣ ደረጃው የእሳቸው እጅ ሥራ አልነበረም። እሳቸው ሸፍነውት ኖሩ፤ ባለቤታቸው ግን እውነቱን አብሬያቸው አልቀብረውም ብለዋል።

ጋሽ ዱልዱም ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ክዳኑን ትልቋ ልጃቸው በአያቷ መዶሻ፣ የእያንዳንዱን ምስማር ጫፍ አደንዝዛ ትመታዋለች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ከማይክዳቸው ዘንድ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም እውነትን የሚናገር አንደበት ይስጥልን። እሳቸውም ከሥራ ቤቱ እንደወጡበት ዕለት ሁሉ፣ ዛሬም ቃል ሳይተነፍሱ ከመካከላችን ወጥተው ይሄዳሉ።